ማንጎው ላይ የሰቀልነው ቴሌስኮፕ

እታለም ከመሞቷ በፊት የነበረው ቀን ቅዳሜ ነበር። ከንጋቱ በቀር ልዩ ነገር አልነበረውም፤ ንጋቱን በቦታው እነግራለሁ። ረፋድ ላይ በረንዳችን ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ምስር ትለቅም ነበር። ሁለታችን ከእንጨት የሠራነው ቴሌስኮፕ በጋቢ ተጠቅልሎ አጠገቧ ተጋድሟል። እኔ የሒሳብ ደብተሬን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ።

«ሰባት ጊዜ ስምንት?» አለችኝ።

«ሃምሳ አራት።»

«እግዚኦ! የሰማዩን ቆጥረህ የደብተሩ ያቅትሃል?»

«የሰማዩ አራት ብቻ ናቸዋ!»

ሳቀች። ስትስቅ ትንፋሽ ያጥራት ስለነበር ሳቋ ግማሽ ላይ ይቆማል። የቀረውን በእጇ ነው የምትጨርሰው፤ ጭኗን መታ መታ ታደርጋለች። ያን ቀንም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ «ሂድና ጨው ግዛልኝ፤ እንዳትሮጥ» አለችኝ። ሮጥሁ።

ስሟ ትርንጎ ነው። ታላቄ ስለሆነች እታለም እላት ነበር። ያን ዓመት እሷ ዐሥራ ዘጠኝ፣ እኔ ዐሥራ አንድ ነበርን። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ነው። አባባ መሪጌታ ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ባለ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ፤ ሲተርፋቸው ብራና ላይ ይጽፋሉ። እማ ጧፍ እየሠራች ትሸጣለች። ስለዚህ ቤታችን ሁልጊዜ ሰም ሰም ይሸት ነበር። ባለፈው ሳምንት ከአንዲት ሴትዮ ጧፍ ልገዛ ቆሜ ያ ሽታ መጣብኝ። ገንዘቡን በእጄ ይዤ ቆምሁ። ሴትዮዋ «ልጄ፣ ምን ሆንህ?» አሉኝ። «ምንም» አልሁ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። እስካሁን ለማንም በቅጡ አልነገርሁም።

እታለም ልቧን ያማት ነበር። በዚያ ክረምት ከትምህርት ቀርታ ቤት ዋለች። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ተይዞላት ስልክ እስኪደወል እንጠብቃለን። ሥራ መፍታት ግን አትችልም ነበር። የፊዚክስ መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር ደጋግማ አነበበችው፤ ከዚያ አንድ ቀን ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ጣቷን አንድ ገጽ ላይ አድርጋ ጠራችኝ።

«ጁፒተር ጨረቃ አለው፤ አንድ አይደለም፣ ብዙ። አራቱን በትንሽ ቴሌስኮፕ ማየት ይቻላል ይላል።»

«የኛ ጨረቃስ?»

«የኛ የኛ ናት። ስማ፣ እነዚህን አራቱን በዓይኔ ሳላይ አዲስ አበባ አልሄድም። እዚያ የሚሆነውን ማን ያውቃል? አንተ እጅ ትሆነኛለህ።»

እጅ ሆንኋት። መጀመሪያ የተላክሁት መነጽር ቤት ነው። ቁጥሩ አንድ የሆነ፣ ያልተቆረጠ ክብ የመነጽር መስተዋት አምጣ አለችኝ። ሰውዬው «አንድ ብቻ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አንድ ዓይን ብቻ ላለው ሰው የምገዛ መስሎታል። አዎ አልሁ። አዘነልኝ። ለዓይን የምናስጠጋውን ትንሹን መስተዋት ደግሞ ከፎቶ ቤት አገኘን፤ የተሰበረ የድሮ ካሜራ አፍ ነው።

ያን ቀን ያየሁትን እንዴት እንደምለው አላውቅም። እታለም መስኮቱን አስዘጋችኝ፣ በሩን ብቻ ክፍት ተወችው። ከዚያ ክቡን መስተዋት ይዛ ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ አለች። ግድግዳችን ላይ ግቢያችን ወጣ። ቀለሙ ሳይቀር። ማንጎው ቁልቁል ተንጠልጥሏል፣ ቅጠሉ ይወዛወዛል። ሰማዩ ከታች ነው። እማ ባልዲ ይዛ አለፈች፤ እግሯ ወደ ላይ ነው፣ ውኃው ግን አልፈሰሰም።

«እማ! እማ ትወድቃለች!» ብዬ ጮህሁ።

«ምን ሆነ ደግሞ?» አለች እማ ከውጭ። ግድግዳው ላይ ተዘቅዝቃ ዞረች።

እታለም አልሳቀችብኝም። እሷም አፏን ከፍታ ነበር። «በል ቶሎ፣ ከመስተዋቱ እስከ ግድግዳው ለካ» አለችኝ። በእሷ ክንድ ሁለት ክንድ ከአራት ጣት ሆነ። «ቱቦው ይህን ያህል ነው።»

እንጨት ፍለጋ ጋሽ ሞላ ዘንድ ሄድን። ጋሽ ሞላ የዱርቤቴ ሰው ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ጥላ ሥር ተቀምጠው ለአብያተ ክርስቲያናት ከበሮ ይፈለፍላሉ።

«ምን ልታደርጊበት ነው?» አሏት።

«ጨረቃ ላይበት።»

«እስካሁን ያለ እንጨት ስታዪያት አልነበር?»

«አይ ጋሽ ሞላ! በደንብ ነዋ።»

ሳቁና ወደ ጓሮ ወሰዱን። አንድ የዋንዛ ግንድ ነበራቸው፤ ሲደርቅ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆባቸዋል። «ይህ ለከበሮ አይሆንም፣ ድምፁ ሞቷል። ውሰዱት» አሉ። በስንጥቁ ለሁለት ፈለጡልን፤ በባጃጅ ጭነን ወሰድነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው ነሐሴ ሁሉ መሮና መዶሻ ነው። እታለም መዶሻ ማንሣት አትችልም። በከሰል መስመር ታሰምርልኛለች፣ እኔ እፈለፍላለሁ። እያንዳንዱ ፍላጭ እንደ ገንዳ ሆኖ ሁለቱ ሲገጠሙ ቱቦ እንዲወጣቸው ነው። ማታ ማታ ዓይኗን ጨፍና መዳፏን በገንዳው ውስጥ ታስኬዳለች። «እዚህ ጋ ጉብ ብሏል፣ እዚህ ጋ አበዛኸው» ትለኛለች። አንድም ቀን አልተሳሳተችም። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ ዝናቡ ነው ብዬ ነው።

ውስጡ መጥቆር አለበት አለች፤ ነጭ ከሆነ ብርሃኑ ይረበሻል። አባባ ለብራናቸው ከጥላሸት የሚቀምሙት ጥቁር ቀለም አለ። ከተቀመመ ብዙ ወር የቆየ ነው፣ ይሸታል፣ ማንም አይነካውም። ሄዳ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ከቀለሙ ትንሽ ይስጡኝ።»

«ምን ልትጽፊ?»

«አልጽፍም። ጨለማ ልሠራበት ነው።»

አባባ ትኩር ብለው አዩዋት። ቀለሙ ለቅዱሳት መጻሕፍት ብቻ እንደሆነ ቤት ውስጥ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ብልቃጡን አንሥተው ሰጧት። «ከጨለማው የሚወጣውን ታሳይኛለሽ» አሉ።

ፍላጮቹን በኮላ አጣበቅናቸው፣ በገመድ አሰርናቸው። ግን በመጋጠሚያው ብርሃን ይገባል። እኛ ቤት ቀዳዳ ሲደፈን በምን እንደሚደፈን የታወቀ ነው። እማ አንድ ጉማጅ ሰም ሰጠችን፤ አሙቀን መጋጠሚያውን ሁሉ ከውስጥም ከውጭም አሸነው። የኋላውን አፍ ካሜራው በሚገባበት ክብ እንጨት ዘጋነው። የፊቱን ደግሞ ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ ባላት ካርቶን።

«ሰፊ መስተዋት እያለን ለምን በካርቶን እንጋርደዋለን?» አልኋት። ተናድጄ ነበር።

መስተዋቱን እንደገና በሩ ላይ ይዛ ካርቶኑን ፊቱ ላይ አደረገችበት። ግድግዳው ላይ ያለው ግቢ ደብዘዝ አለ፤ ግን የማንጎው ቅጠል አንድ በአንድ ተለየ። መቁጠር ይቻል ነበር።

መስከረም ተጋመሰ፣ ሰማዩ ጠራ። መስተዋቶቹን በጥጥ ጠቅልለን ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥናቸው፤ ቱቦውን ግን ኮላው ጠንቶ እስኪደርቅ ማንጎው ላይ በሁለት ገመድ አጋድመን ሰቀልነው። ሦስት ቀን ይቆይ አለች።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እንጨቱ ይዘምራል። እውነቴን ነው። ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ድምፅ። ጋሽ ሞላ ድምፁ ሞቷል ያሉት ትዝ አለኝና ድምፁ የተመለሰለት መሰለኝ። ጆሮዬን ላስጠጋ ሄድሁ። ጉንጬን ተነደፍሁ።

ንብ ነበር። በካርቶኑ ቀዳዳ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። እታለም በረንዳው ላይ ወጥታ አየቻቸው፣ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ በእጇ አፏን ያዘች።

«ወንድማለም፣ ቀፎ ነው የሠራነው! ሁለት ክንድ፣ ውስጡ ጨለማ፣ ሰም የተቀባ፣ በትንሽ ቀዳዳ። ቀፎ!»

ጭኗን ስትመታ እኔ ጉንጬን ይዤ አለቅስ ነበር።

አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመጡ በሩ ላይ ቆሙ። መቋሚያቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ። ቀስ ብለው እስከ ማንጎው ሄዱ፣ ተመለሱም። «ማንም እንዳይነካው» አሉ። በእኛ አገር ንብ ሳይጠራ ቤት ከገባ ገድ ነው። አባባ ደግሞ በዚህ አጥብቀው ያምናሉ፤ የታመመ ባለበት ቤት ንብ ከገባ በሽተኛው ይድናል ብለው አባታቸው ነግረዋቸዋል። እታለምን ሆስፒታል አሳይተን ከተመለስን ወዲህ እራት በቅጡ በልተው አያውቁም ነበር። ያን ማታ በሉ። እማ ስታያቸው ወደ ጓዳ ገብታ ቆየች።

«ንቡን ያስወጡልን በያቸው» አልኋት እታለምን።

«ተው። ሲበሉ አላየህም? ኅዳር ማሩ ሲቆረጥ እንወስደዋለን።»

«ጁፒተርስ?»

«ኅዳርም አለ።»

ግን የተናገረችውን የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ሳላይ አልሄድም ያለችውን። ስልኩ ከኅዳር በፊት ቢደወልስ? ደግሞ ሌላ ነገር አይቻለሁ። እታለም ተኝታ አታድርም። እማ ትራስ ትደራርብላታለች፣ እሷ ቁጭ እንዳለች ታድራለች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። እኔ ለሰማዩ የምትለማመድ መሰለኝ። አንገቷ ቀና ማለት እንዲለምድ። እግሯም አብጦ ጫማዋ እምቢ ብሏት ነበር፤ ሌሊት ሙሉ ቁጭ ስለምትል ነው አልሁ። ቱቦው ቢመለስላት ልምምዱን ትታ የምትተኛ መሰለኝ።

ጥቅምት ሲገባ አንድ ቀን ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት አባባ ለኪዳን ሲነሡ አብሬያቸው ወጣሁ። መቋሚያቸውን እኔ ያዝሁላቸው። ከሐይቁ በላይ ያቺ ትልቋ ታበራለች፤ ብርሃኗ ውኃው ላይ እንደ ክር ተዘርግቷል።

«አባባ፣ ያቺ ናት ጁፒተር። እታለም የምትፈልጋት።»

ቀና ብለው አዩ። «በመጻሕፍቱ መሽተሪ ትባላለች» አሉ።

«ንቡን ያስወጡልን።»

«አዲሱ፣ ዝም በል። እግዚአብሔር የላከውን ውጣ ይባላል?»

«እታለም እኮ ተኝታ አታድርም። ቁጭ ብላ ነው የምታድረው፣ ሰማዩን ለማየት እየተለማመደች። ሲነጋ ደክሟት አያታለሁ። አባባ፣ ብታየው ትተኛለች።»

ቆሙ። መቋሚያቸውን ከእጄ ወስደው ተደገፉበት፤ መንገዱ ያደከማቸው መሰለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። አይቼ ነው።»

ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። ወደ እኔ ሲዞሩ «ማታ ኩበት አዘጋጅ» አሉኝ።

ያን ቀን ዓርብ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ጋሽ ሞላ ከሸንበቆ የተሠራ ቀፎ ይዘው መጡ። አባባ ራሳቸው ኩበቱን አጨሱ፣ ንቦቹን እንደ ሕፃን ቀስ አድርገው ወደ አዲሱ ቀፎ አዛወሩ። ሲያዛውሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይለምኑ ይሁን ይቅርታ ይጠይቁ አላወቅሁም። ቱቦው ውስጥ ነጭ፣ ለጋ የሰም እንጀራ ነበር፤ ማር የያዘው ትንሽ ነው። እታለም ቀመሰችው። «ጨለማዬን አጣፈጡልኝ» አለች። አዲሱን ቀፎ ማንጎው ላይ ሰቀልን፤ እኛም በፋኖስ መስተዋቶቹን ገጠምን።

ንጋቱ ይህ ነው። ዐሥር ሰዓት ላይ አባባ ቀሰቀሱን። ግቢው መሐል ባላ ተክለን ቱቦውን አስደገፍነው። እማ በርጩማና ጋቢ አመጣች። እታለም ዓይኗን አስጠጋች፣ ካሜራውን ወደፊት ገፋች፣ ወደኋላ ሳበች። ከዚያ እጇ ቆመ።

እኔ መጠበቅ አልቻልሁም።

«አለ? እታለም፣ አለ?»

«ዝም በል» አለች፤ ግን በሹክሹክታ ነበር፣ የሚሰማን ያለ ይመስል። «አራቱም አሉ።»

ተራዬ ሲደርስ አየሁ። ሽንብራ የምታህል ክብ ብርሃን፣ ከጎንና ጎኗ ከጤፍ ያነሱ አራት ነጥቦች፣ ሦስት በአንድ ወገን፣ አንድ በሌላው። በመስመር የተሰደሩ። አቧራ ነው አልሁና መስተዋቱን በሸሚዜ ጠረግሁት። ሁሉም ነገር በማር ተለወሰ።

«አንተ ዝንጉ!» አለች እታለም። እማ በነጠላዋ ጫፍ እስክታጸዳው ድረስ ጭኗን ስትመታ ነበር። እንደገና አየሁ። አሁንም አራት ናቸው። አቧራ አልነበሩም። እዚያ፣ ያን ያህል ርቀው፣ ማንም ሳያያቸው ይዞሩ ነበር። ምድሩን በእግሬ ጣቶች ቆንጥጬ ያዝሁት።

«አባባ፣ ይምጡ። ታሳይኛለሽ ብለውኝ ነበር» አለች።

አባባ ጥምጥማቸውን ከፍ አድርገው ጎንበስ አሉ። ለቤተ ክርስቲያን እየረፈደባቸው ነበር፤ ግን ቀና አላሉም። የሚቆጥሩ ይመስል ጣታቸው ይንቀሳቀሳል።

«ዕፁብ ነው» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ «ሁልጊዜም ነበሩ?»

«ሁልጊዜም፣ አባባ።»

«እኛ ስንዘምር ሁሉ?»

«እርስዎ ሲዘምሩ ሁሉ።»

እታለም ጋቢውን ተጠቅልላ በርጩማው ላይ ተቀምጣ እኛን ታየን ነበር። ሰማዩን አይደለም፣ እኛን። ያን ፊቷን ደህና አድርጌ አስታውሰዋለሁ።

ከዚያ ያ ተራ ቀን ነጋ። ምስሩ፣ ሒሳቡ፣ ጨው። ጨው ይዤ ስመለስ ቀትር ነበር፤ ንቦቹ ከአዲሱ ቀፎ እየተንጋጉ ሲወጡ ደረስሁ። ማንጎው ላይ እንደ ጭስ ዞሩ፣ አንድ ሆኑ፣ በአጥሩ ላይ አልፈው ወደ ሐይቁ ሄዱ።

«ወደ ዘጌ ነው፤ እዚያ አበባ ሞልቷል» አለች እታለም። በእጇ ደህና ሁኑ አለቻቸው። ደስ ብሏት ነበር።

አባባ ብራናቸውን ይዘው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው እስኪጠፉ ድረስ ተከተሏቸው። ከዚያ ብዕሩን አነሡት፤ ግን እስኪመሽ አንድ ፊደል አልጻፉም።

ሌሊት በእማ ጩኸት ነቃሁ። እታለም ትራሶቹን ተደግፋ እንደተቀመጠች ነበር። ፊቷ ወደ መስኮቱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት አልጽፈውም።

ሲነጋ ግቢያችን ሰው ሞላው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይገባሉ፣ ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ። እኔን ማንም አላየኝም። ንቡን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። እሷ ተው ብላኝ ነበር። ጭንቅላቴ ውስጥ ይህ ብቻ ነበር። በረንዳው ላይ ሄጄ ቴሌስኮፑን ከጋቢው ፈታሁት። ትልቁን መስተዋት አወጣሁ፣ ካሜራውን አወጣሁ፣ ኪሴ ውስጥ ከተትኋቸው። ካርቶኑን መለስሁበት። ከእማ ዕቃ ሰም ቆርሼ በእጄ አሙቄ ቀዳዳውን ዙሪያውን ቀባሁት። ከዚያ ቱቦውን በጀርባዬ አዝዬ ማንጎው ላይ ወጣሁ።

አንዱን ጫፍ አሰርሁ። ሌላው ከበደኝ፤ ተንጠለጠለ።

«ኧረ ይህ ልጅ! ውረድ! በእንዲህ ያለ ቀን!» አለ አንድ ሰው ከታች።

አባባ ከድንኳኑ ወጡ። ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ዛፉ ሥር መጥተው ቀና ብለው አዩኝ፣ ቱቦውንም አዩት፣ በእጄ ላይ ያለውን ሰምም አዩ። የሚቆጡ መሰለኝ።

«ንቦቹ ይመለሳሉ፣ አባባ?»

እጃቸውን ዘርግተው የተንጠለጠለውን ጫፍ አነሡልኝ፤ እስካስረው ድረስ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ይዘውልኝ ቆሙ። ሁለቴ ቋጠርሁት። ከዚያ ቀዳዳውን ወደ ሐይቁ አዞርሁት፤ የሄዱት በዚያ በኩል ነበር።